ትኩሳቱ የወረደ ዕለት

ያኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከሃያ ዓመት በላይ በሬዲዮ ዘጋቢነት ሠርቼ ነበር። ጎርፍ፣ የመኪና አደጋ፣ የተቃጠለ ገበያ ዘግቤያለሁ። ባልደረቦቼ «አንተ ቤትህ ቢቃጠል መጀመሪያ የምታየው ሰዓትህን ነው» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር፤ ቀልዱን አልጠላውም። ያላየሁትን አልጽፍም፣ ያልለካሁትን አልናገርም፣ ሰው ሲጮህ እኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። በዚህ ልማዴ እኮራ ነበር። የምነግራችሁ ይኸው ልማዴ በአንድ የጥቅምት ሐሙስ፣ ከቀኑ በሰባት ሰዓት ምን እንዳደረገ ነው።

ወደ መተማ ቆላ የወረድሁት የሰሊጥ አጨዳ ልዘግብ ነው። ሰሊጥ ጊዜ አይሰጥም። ከደረሰ በኋላ ጥቂት ቀን ካደረ ፍሬው ፈንድቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ በጥቅምት ከጎጃሙም ከወሎውም ሰው ማጭዱን ይዞ ይወርዳል፤ ሸሕዲ ከተማ ላይ ይቆማል፤ ካቦ የሚሉት የሠራተኛ አለቃ መርጦ በትራክተር ተጎታች ጭኖት ይገባል። እኔም ከሸሕዲ ሰይድ ከሚባል ጎልማሳ ፒካፕ ተከራይቼ፣ እሱ እየነዳ፣ በትራክተር መንገድ ሦስት ሰዓት ተጉዘን አንድ እርሻ ገባን። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር።

ካቦው ፈንታሁን ይባላል። አሥራ ስምንት ዓመት ቆላ የኖረ፣ ፊቱ እንደ ደረቀ ቆዳ የተጨማደደ ሰው ነው። ከሠላሳ በላይ ሠራተኛ ነበረው። ከእነሱ መሐል ወዲያው ዓይኔን የያዘው ታከለ ነው፤ የአዴት አካባቢ ሰው፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ እጁ እየሠራ አፉ የማያርፍ። የታጨደውን ሰሊጥ እያሰሩ፣ ጫፉን ወደ ሰማይ አድርገው ክብ ሠርተው ያቆሙታል፤ ሂላ ይሉታል። ታከለ ሂላ ሲያቆም አጠገቡ ሆኜ መቅረጫዬን ዘረጋሁለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ጎጃም ድረስ ይሰማል?» አለኝ።

«ሬዲዮ ያለው ሰው ይሰማዋል።»

«እንግዲያ ስሜን ይጥሩልኝ። እናቴ ሬዲዮ የላትም፤ ጎረቤቷ ግን አለው። እሱ ከሰማ አገር ሰማ ማለት ነው።»

«ምን ተብሎ ይጠራ?» አለ ከጎኑ ያለው አጫጅ። «ታከለ ሂላ ማቆም አቅቶታል ይበሉለት?»

«አንተን በየጧቱ ከእንቅልፍህ የማቆም ሰው ሂላ ያቅተኛል?»

ሁሉም ሳቁ። ያልሳቀችው እህቱ ጥሩዬ ብቻ ነበረች። ጥሩዬ የሠራተኞቹ ወጥ ቤት ናት። ወጥ ልትሠራ ብላ ግን አልወረደችም። ታከለ ለአንድ ክረምት ብሎ ወርዶ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀርቶ ነበር፤ ስልኩ ጠፍቶበት፣ ገንዘቡ አልቆበት፣ ባዶ እጁን መመለስ አፍሮ። እናታቸው ሞቷል ብላ ስታለቅስ ጥሩዬ ልትፈልገው መጣች። ከእርሻ እርሻ ጠይቃ፣ በመጨረሻ እዚህ አገኘችው። ከሰሊጡ በፊት አልሄድም ሲላት እሷም ወጥ ቤት ተቀጠረች።

«ሰሊጡ ሲያልቅ ይዤው እወጣለሁ» አለችኝ። «አስሬም ቢሆን።»

ያን ዕለት የታከለን ግራ እጅ አይቻለሁ። በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል፣ ሰኞ ማጭድ የቆረጠው፣ የጥፍር ያህል የምትረዝም ጭረት ነበረችበት። እዚያ እንደሚደረገው ካፕሱል ከፍተው ዱቄቱን ነስንሰውበታል። «አልመገለም፤ ንጹሕ ነው» ብሎ አሳየኝ። እውነትም መግል አልነበረውም። ጻፍሁት፦ ትንሽ ቁስል፣ ደረቅ፣ መግል የለውም።

ረቡዕ እጁ አብጦ በቀኝ እጁ ብቻ ነዶ ሲያቀብል ዋለ። ሐሙስ ጧት ማሳው ውስጥ ተቀመጠ፤ ታከለ ደግሞ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም። ስንደርስ ጥርሱ ይፋጫል። በዚያ ፀሐይ ላይ ሁለት ጋቢ ደርበውለት ይንቀጠቀጣል።

«ወባ ነው» አለ ፈንታሁን፣ ጎንበስ ብሎ እንኳ ሳያየው። «ይቺን በሽታ እንደ ሚስቴ ነው የማውቃት። ታበርዳለች፣ ታነዳለች፣ ታልባለች፣ ትሄዳለች። ካላበው አለቀ፤ ነገ ሂላ ያቆማል።»

ይህ የፈንታሁን ብቻ ዕውቀት አይደለም። ቆላ የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አብዛኛውን ጊዜም ልክ ነው። የወባ ብርድ ሲመጣ ሰዉ ጋቢ ይደርባል፣ ላቡን ይጠብቃል። ላቡ ሲመጣ «እፎይ» ይላል። ፈንታሁን ከራሱ ሻንጣ የወባ ክኒን አውጥቶ ሰጠው። ድንኳን መሰሉ ዳስ ውስጥ፣ ኬሻ ላይ አስተኛነው።

እኔ መስክ ስወጣ ሙቀት መለኪያ ከቦርሳዬ አይለይም። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለካሁት፤ ሠላሳ ዘጠኝ ነጥብ ስምንት። ጻፍሁት። አምስት ሰዓት ላይ አርባ ነጥብ አንድ። ጻፍሁት። ጥሩዬ በእያንዳንዱ ልኬት ዓይኔን ታያለች፤ ቁጥሩን ከፊቴ ለማንበብ የምትሞክር ይመስላል።

«ብብቱ ሥር ንፍፊት አለው» አለችኝ። «ሲነኩት ይጮኻል።»

«ማጭድ ሲጎትት ከርሞ ንፍፊት የማያወጣ ማን አለ?» አለ ፈንታሁን። «እሽት እሽት አድርጊለትና ይወርዳል።»

ሰባት ሰዓት ሊሆን ሲል ላቡ መጣ። ግንባሩ፣ አንገቱ፣ ደረቱ፣ ውኃ እንደፈሰሰበት ሆነ። ጋቢው ረጠበ። መንቀጥቀጡ ቆመ። ለምሳ የመጡት ሠራተኞች ዳሱ አፍ ላይ ተሰብስበው ነበር፤ አንዱ «እሰይ!» አለ፤ ሌላው «ተነስ እንግዲህ ሰነፍ፣ ነዶው ይጠብቅሃል» ብሎ ቀለደበት። ታከለ ዓይኑን ገለጥ አድርጎ «መጣሁ» አለ። ለካሁት። ሠላሳ አምስት ነጥብ ስድስት።

ጮክ ብዬ አነበብሁት። ፈንታሁን እጁን እያጨበጨበ ወደ ማሳው ተመለሰ።

ሰይድ መኪናውን አስነስቶ መጣ። ጥሩዬ ከጧት ጀምራ ወደ ሸሕዲ እንውሰደው ስትል ነበር። «ጋሼ፣ እንሂድ እንጂ፤ መኪናው ተነስቷል» አለኝ ሰይድ።

መኪናው ጋቢናው የሁለት ሰው ብቻ ነው። በሽተኛ ማስተኛት የሚቻለው ከኋላ፣ ክፍቱ ላይ ነው። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁ። መለኪያውን አየሁ።

«ትኩሳቱ ወርዷል» አልሁ። «አሁን በዚህ ፀሐይ፣ በክፍት መኪና፣ በዚያ ጉድጓዳማ መንገድ ብናወጣው ነው የምንጎዳው። ይተኛ። አሥር ሰዓት ላይ ስትበርድ እንወጣለን።»

«ወላሂ፣ እኔስ አሁን ብንሄድ ነው ደስ የሚለኝ» አለ ሰይድ።

ጥሩዬ ከኬሻው አልተነሳችም። የወንድሟን እጅ ይዛ ቀና አለችና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። እኔ ልቤ አልወደደውም። ግን ትክክል ነው ይበሉኝና ልመን» አለችኝ።

«ትክክል ነው» አልኋት።

ሁለት ቃል ነው። ድምፄ ያን ያህል የተረጋጋ ነበር። ብትጮህብኝ ኖሮ፣ ብትከራከረኝ ኖሮ፣ ምናልባት እንደገና አስብ ነበር። አመነችኝ።

እውነቱን ሁሉ ልናገር ስለተነሳሁ ይህንም ልናገር። ፀሐይዋ እውነት ታስፈራ ነበር። ግን ዘገባዬን የማደርስበት ሰዓትም ደርሶ ነበር፤ ስልክ የሚሠራው ከእርሻው ግማሽ ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ጉብታ ላይ ብቻ ነው። ከሰባት እስከ አሥር ያለው ጊዜ ይበቃኛል ብዬ አስልቻለሁ። ያን ስሌት ከፀሐይዋ በፊት ይሁን በኋላ እንዳሰላሁት እስካሁን አላውቅም።

ጉብታው ላይ ወጥቼ በስልክ ዘገባዬን አስቀረጽሁ። ስለ ሠራተኛ እጥረት፣ ስለሚረግፈው ሰሊጥ፣ ስለ ወባ። መጨረሻ ላይ ለዘገባው ነፍስ ይሰጠዋል ብዬ፣ እሱም የለመነኝን ልፈጽምለት ብዬ፣ እንዲህ አልሁ፦ «ከአዴት አካባቢ የመጣው ታከለ ዛሬ ጧት ማሳ ላይ በወባ ተይዞ የነበረ ቢሆንም አሁን አገግሟል።»

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ስመለስ ጥሩዬ ዳሱ አፍ ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ጥፍሩን ይዩት» አለችኝ።

ጥፍሩ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ክንዱ እንደ ማለዳ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ትንፋሹ ፈጣንና አጭር፣ ሮጦ እንደመጣ ሰው። ዓይኑ ክፍት ነው፤ ግን እኔን አላየኝም። «ከሄድሁ ጀምሮ እንዲህ ነው የሚተነፍሰው?» ብዬ ጠየቅኋት፤ እንደ ዘጋቢ።

«ከላቡ ጀምሮ» አለች።

ትንፋሹን መቁጠር እችል ነበር። ሰዓት አለኝ። ሰባት ሰዓት ላይ ግን ሙቀቱን ካነበብሁ በኋላ ሌላ የምለካው ነገር እንዳለ አልታየኝም።

ሰይድን ጠራሁት። ፈንታሁንና ሦስት ሰዎች በኬሻው አንስተው ከኋላ አስተኙት። ፈንታሁን ፊቱ ተለውጦ ነበር፤ «ወባ እንዲህ አታደርግም» አለ፣ ለራሱ። ጥሩዬ ጭንቅላቱን ታፋዋ ላይ አድርጋ ነጠላዋን በሁለት እጇ ዘርግታ ጥላ ሆነችው። እኔም ከኋላ ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ታከለ ብዙ አወራ።

«ጥሩዬ፣ በሬዎቹን ውኃ አጠጣሻቸው?»

«አጠጣኋቸው ወንድምዓለም።»

«ቀዩንስ?»

«እሱንም።»

«አመዱን አስቀድመሽ ከሆነ ቀዩ ይቀየማል።»

«ቀዩን ነው ያስቀደምሁት።»

ወደ እኔ ዞራ በዝግታ፣ እሱ እንዳይሰማ፣ «ቀዩ በሬ ከሞተ ስምንት ዓመት ሆነው» አለችኝ። ከዚያ ተመልሳ ቀዩ ምን ያህል እንደጠጣ ነገረችው።

ሰይድ መኪናውን የቻለውን ያህል ነዳው። ጉድጓድ ላይ ሲያዘግም ጥሩዬ ትጮኻለች፤ ሲፈጥን ታከለ ያቃስታል። ሸሕዲ የገባነው ልትመሽ ስትል ነው። የተቀበሉን የሕክምና ሰዎች አንዲት ደቂቃ አላባከኑም። ልብሱን ቀደዱ፣ በሁለት ክንዱ ግሉኮስ ሰኩለት፣ መድኃኒት ወጉት፣ ኦክስጅን አደረጉለት። እጁን ያየው ሐኪም መጀመሪያ ያለው ቃል «ይህን መቼ ነው የተቆረጠው?» የሚል ነው። ስለ ወባ አልጠየቀም።

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ታከለ አረፈ።

ጥሩዬን ሴቶች ከበቧት። እኔ ማልቀስ አልቻልሁም። ማወቅ ነበር የፈለግሁት፤ ሰው ሲሞት የማደርገው ይህንኑ ነው። ወደ ላብራቶሪው ሄድሁ። ባለሙያዋ ራሔል ትባላለች፤ ወጣት ናት፤ ሌሊቱን እዚያው አድራ ዓይኗ ቀልቷል። ወንድሙ ነዎት ወይ ስትለኝ «ይዤው የመጣሁት ሰው ነኝ» አልኋት። የጥሩዬን ፈቃድ ጠይቃ ተመለሰችና ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ ብዬ እንዳይ ፈቀደችልኝ።

«ወባ አለበት?» አልሁ።

«የለበትም። ሦስት ጊዜ ፈልጌያለሁ።»

ደሙ የተቀባበት መስተዋት ላይ ብዙ ሮዝማ ክቦች ነበሩ። በመካከላቸው፣ በጣም ተራርቀው፣ ሐምራዊ ልብ ያላቸው ትልልቅ ሕዋሳት።

«እነዚያ ነጮቹ ናቸው» አለች። «የደም ነጭ ሕዋስ። ቁስል ሲኖር መጀመሪያ የሚደርሱት እነሱ ናቸው። ከደም ሥሩ ተሹለክልከው ወጥተው፣ ባክቴሪያውን ከብበው ይውጡታል፤ ውስጣቸው ባለው መርዝ ይገድሉታል። ራሳቸውም እዚያው ይሞታሉ። መግል የምንለው በአብዛኛው የእነሱ ሬሳ ነው።»

«የእሱ ቁስል መግል አልነበረውም።»

«ሰው መግል ሲያይ ይደነግጣል» አለች። «አንዳንዴ የሚያስደነግጠው አለመኖሩ ነው። ከበባው አልያዘም ማለት ሊሆን ይችላል። ባክቴሪያው ሾልኮ ወጥቷል። ንፍፊት ነበረው?»

«ብብቱ ሥር።»

«እዚያ ሁለተኛ ገጥመውታል። እዚያም አልቻሉትም፤ ወደ ደም ገባ።» መስተዋቱን ትንሽ ገፋ አደረገችው። «እነዚህን ይመልከቱ፤ ልባቸው እንደ ፈረስ ጫማ የታጠፈውን። ገና ያልበሰሉ ናቸው። የበሰሉት ሲያልቁ መቅኒ ጥሬዎቹን ይልካል። ይሄኛው ውስጥ ያለው ባዶ አረፋ፣ ሲውጥ የነበረ መሆኑን ያሳያል። ጥቋቁሮቹ ነጥቦች ምናልባት የዋጠው ባክቴሪያ ይሆናሉ፤ ምናልባትም የራሱ ፍሬ። እርግጠኛ አይደለሁም።»

«እርግጠኛ አይደለሁም» ስላለች አከበርኋት።

«ትኩሳቱስ? ሰባት ሰዓት ላይ ወርዶ ነበር።»

ራሔል ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ አነሳች። ከዚያ፣ «ትኩሳቱን የሚያስነሳው ባክቴሪያው ራሱ አይደለም» አለች። «ሕዋሳቱ ናቸው፤ በኬሚካል ይጣራሉ፣ አንጎል ሰምቶ ሰውነቱን ያሞቃል። ጥሪው ቁስሉ ጋ ብቻ ሲሆን ያድናል። ደም ውስጥ ሲገባ ግን በየቦታው አንድ ላይ ይጮኻሉ። የደም ሥር ሁሉ ይላላል፣ ውኃው ይሾልካል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ሊያድኑት የተነሱት ራሳቸው ያፈርሱታል። ያኔ ሰውነት ሙቀት መያዝ ያቅተዋል። ላብ ይመጣል፤ ግን ቀዝቃዛ ላብ። የወባ ላብ ከሆነ ሰውየው ይነቃል፣ ውኃ ይለምናል፣ ይርበዋል። ይሄኛው ግን ይጠፋል።»

ታከለ «መጣሁ» ያለውን አሰብሁ። ከዚያ በኋላ ውኃ አልለመነም።

«ሰባት ሰዓት ላይ ተነስተን ቢሆን፣ ሦስት ሰዓት ቀድመን ብንደርስ፣ ይተርፍ ነበር?»

«ይህን ማንም ሊነግርዎ አይችልም።»

«ግምትሽን ንገሪኝ።»

«ጋሼ» አለችኝ፣ «በአንድ ጠብታ ደም እንዲህ ያለ ነገር አይታወቅም። በእያንዳንዱ ሰዓት ዕድል እንደሚቀንስ ግን እናውቃለን።»

በሕይወቴ ሙሉ ቁጥር ስጠይቅ ቁጥር ተሰጥቶኛል። ያን ጧት አልተሰጠኝም፤ እስከ ዛሬም የለኝም።

ስወጣ ጥሩዬ ግድግዳ ተደግፋ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር። ሴቶቹ «የቆላ ወባ» እያሉ ያስተዛዝናሉ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። ፈንታሁንም፣ ሠራተኞቹም፣ አገሩም ወባ ነው ብለው ይቀብሩት ነበር። አጠገቧ ተቀመጥሁና፣ «ጥሩዬ፣ ወባ አይደለም። ከእጁ ቁስል የገባ ነው። ትኩሳቱ የወረደው ስለተሻለው አልነበረም። ቆይ ያልሁሽ እኔ ነኝ፤ ተሳስቼ ነበር» አልኋት።

መዳፏን ገልብጣ አየችው።

«እርስዎ ያዩት ቁጥር ነው» አለች። «እኔ እጁን ይዤ ነበር። በረዶ ነበር። እጁ በረዶ ሆኖ ሳለ እርስዎን አመንሁ።»

ያኔ ስልኳ ጮኸ። የጎረቤታቸው ቁጥር ነው። አነሳችው። የሰውየው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ጥሩዬ! ታከለን በሬዲዮ ጠሩት! አሁን፣ በጧቱ ዜና! አሞት ነበር አሉ፣ አሁን ድኗል! እናትሽ እዚህ ናት፣ ስሚያት!»

ከዚያ እልልታ መጣ። የአንዲት አሮጊት ሴት፣ ትንፋሽ የሚያጥረው፣ ተቋርጦ የሚቀጥል እልልታ። ሁለት ዓመት ሞቷል ብላ ያለቀሰችለት ልጇ በሕይወት እንዳለ በአገር ፊት ተነግሮላታል፤ የነገርኋት እኔ ነኝ። ሌሊቱን ደውዬ ዘገባውን ማስቀረት ትዝ አላለኝም።

ጥሩዬ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አየችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። እጇን ዘርግታ ስልኩን ሰጠችኝ።

«እርስዎ ይንገሯት» አለች።

ነገርኋት። ያልሁትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ፤ እዚህ ግን አልጽፈውም።

ያንኑ ዕለት ከሰዓት ሸሕዲ ላይ ቀበርነው። ሠራተኞቹ በትራክተር ተጎታች መጡ፤ ሰሊጡ እየረገፈ ጥለውት መጡ። ፈንታሁን መቃብሩ ላይ አፈር ሲመልስ የወባ ክኒኑን አስታውሶ ይሁን አይሁን እንጃ፣ «አሥራ ስምንት ዓመት» ብቻ ይል ነበር፤ «አሥራ ስምንት ዓመት።» በማግስቱ ሬዲዮው ማረሚያ አነበበ። የጻፍሁት እኔ ነኝ፤ ሦስት አረፍተ ነገር ነው። ሰዓቱንም፣ ስሙንም፣ ስሕተቱንም በትክክል ይዟል። እንዲህ ትክክል ሆኖ እንዲህ የማይረባ ነገር ጽፌ አላውቅም።

አንባቢዬ፣ ይህን ገጠመኝ የጻፍሁት እንድታዝንልኝ አይደለም። ቆላ ላለህ፣ ወይም ቆላ የሚወርድ ልጅ ላለሽ፣ የማውቃትን ጥቂት ነገር ልተውላችሁ ብዬ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ግን ቁስል ያለበት ሰው ቁስሉ ሲያብጥ፣ ሲንቀጠቀጥ፣ ብብቱ ወይም ብሽሽቱ ሲያመው፣ ወባ ነው ብላችሁ ላብ አትጠብቁ። ላቡ ከመጣም እጁን ንኩት። ትንፋሹን ቁጠሩ። ስሙን ጥሩትና ማን እንደጠራው ጠይቁት። ቀዝቅዞ ዝም ካለ አልዳነም። ፀሐይዋ ባትበርድም ውጡ።

በእኔ በኩል የተለወጠው ይህ ነው፦ ተረጋግቼ የተናገርሁት ሁሉ እውነት እንደማይሆን አውቃለሁ። ሰው «ልቤ አልወደደውም» ሲለኝ ድሮ ማስረጃ አይደለም እል ነበር። ጥሩዬ ግን እጁን ይዛ ነበር የተናገረችው። ከእኔ መለኪያ ይልቅ ለእሱ የቀረበ ማስረጃ ይዛ ነበር፤ እንደ ማስረጃ ለማስረዳት ቃል አልነበራትም፣ እኔም አልጠየቅኋትም። አሁን እጠይቃለሁ። ልብህ ያልወደደው ምኑን ነው? ምን ዳሰስህ፣ ምን አየህ? እላለሁ። ለታከለ ዘግይቷል።

ለአርባው ወደ አዴት ሄድሁ። ማንም አልጠራኝም። ጥሩዬ በር ላይ አይታኝ ይግቡም ይመለሱም ሳትል ወደ ውስጥ አሳለፈችኝ። እናታቸው እመት እንጉዳይ ቀጭን፣ ዓይናቸው የደከመ ሴት ናቸው። በእልልታው ድምፅ ነበር የማውቃቸው። እግራቸው ሥር ተቀምጬ ሁሉንም ነገርኋቸው፤ መለኪያውን፣ ፀሐይዋን፣ ጉብታውን፣ ሬዲዮውን። ራሔል ያሳየችኝንም እንደገባኝ ነገርኋቸው፤ በደማችን ውስጥ እንደ ዘብ የሚዞሩ እንዳሉ፣ ከቁስሉ ላይ እንደገጠሙት፣ ብብቱ ሥር እንደገጠሙት፣ ሲያልቁ ጥሬዎቹ እንደወጡ።

እስከ መጨረሻው አላቋረጡኝም። ከዚያ ጠየቁኝ።

«እንዴው ታግሏል ልጄ?»

«ታግሏል እናቴ።»

«ስንት ቀን?»

«ከሰኞ እስከ ዓርብ።»

«ሳይረዳው ሰው?»

ጥሩዬ ከበሩ ዞራ ታየኛለች።

«እስከ ሐሙስ ማታ ማንም አልረዳውም» አልሁ።

እመት እንጉዳይ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ የሚያውቁትን ነገር እንደሰማ ሰው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና፣

«እንግዲያ ደክሞት ነዋ» አሉ።